ለብሪቱ ያለቀስን ጊዜ

የይመርን መሞት የነገረኝ ሰይድ የሚባል ወጣት መምህር ነው። አቀስታ ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ መምህር ይመር ዛሬ ጠዋት አረፉ። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት መካነ ሰላም ነው። የሕይወት ታሪካቸውን እርስዎ ጽፈው ቢያነቡልን ብለን ነው፤ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቃቸው የለም» አለኝ። እግዜር ያጽናችሁ ብዬ ዘጋሁት። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ሐዘን አልነበረም። እሱ ሞቶም እንኳ የሚጽፍለት አገኘ፣ እኔ ስሞት ማን ሊጽፍልኝ ነው ብዬ ቀናሁ።

ሰው በሬሳ ይቀናል ወይ ትሉ ይሆናል። እኔ ቀንቻለሁ። በይመር መቅናት የጀመርኩት ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት ነው፤ የዚያን ያህል ዘመን የኖረ አመል በአንድ የስልክ ጥሪ አይለቅም።

ያን ጊዜ መካነ ሰላም አማርኛ አስተምር ነበር። በወላጆች ቀን ግጥም የማነብ እኔ፣ ሠርግና ምርቃት የምጠራ እኔ፣ ከተማው «ባለቅኔው» የሚለኝ እኔ ነበርኩ። ቅኔ ቤት ደጃፉንም አልረገጥኩም፤ ስሙን ግን አልጠላሁትም። በዚህ መካከል ይመር ከወግዲ መጣ፣ እንግሊዝኛ ሊያስተምር። ረጅም፣ ከሲታ፣ የኮቱ እጅጌ ጠመኔ የማይለየው ሰው ነበር። ወረቀት ከመንካቱ በፊት ጣቶቹን አንድ በአንድ ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ይህን ሲያደርግ ባየሁት ቁጥር ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ይከነክነኝ ነበር።

አንዲት ስስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረችው። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለ ያስተማረው አንድ ስዊድናዊ ሲሰናበት የሰጠው ነው። የጥንት የስዊድን ደራሲዎችን ሕይወት የምትተርክ ናት። ከደራሲዎቹ ሁሉ ይመር የሚያነሳው አንዲቱን ብቻ ነበር፦ ብሪታ የምትባል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሰሜን ስዊድን የኖረች የቄስ መበለት። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ልብ ወለድ መጻፏ ነውር ስለነበር በሞተ ባሏ ስም፣ በባሏ ስብከቶች ጀርባ ላይ እየጻፈች አንድ መጽሐፍ ጨርሳ ሞተች። ይመር የሷን ሕይወት በአማርኛ እየጻፈ ነበር።

አጻጻፉን ልንገራችሁ። ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ክፍል ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ከዚያ እስከ መጨረሻው ዴስክ ድረስ ሄዶ ይቆምና ከሩቅ ያየዋል። ካልጣመው ተመልሶ ያጠፋዋል። ሰሌዳው ላይ የተረፈውን ብቻ ጣቶቹን ጠርጎ ደብተሩ ላይ ይገለብጠዋል። ቤቴ መሄጃው በዚያው መስኮት በኩል ስለሆነ እያየሁት አልፋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ አንዳንዴም ቆሜ አያለሁ። ያጠፋቸው እኔ ካስቀረኋቸው ይበልጡ ነበር።

«ይህ ሁሉ መጽሐፉ ላይ አለ?» ብሎ የጠየቀው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። «አይቼ አላወቅሁም፤ ግን እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ይላል፣ በዝግታ፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። ወሎ ያየውን ያየበት ዓመት። በዓባይ በኩል ካለው ቆላ ሕዝቡ ወደ ከተማችን እየወጣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ አጥር ሥር ወደቀ። አንድ ሹም መጥቶ መምህራኑን ሰበሰበና «ረሃብ የሚባል ነገር የለም፤ የዝናብ መዘግየት ነው። ሌላ ሲባል እንዳልሰማ» ብሎን ሄደ። እኛም ረሃብ አልተባባልንም። ዝም ብለን ካለችን ላይ እያዋጣን፣ ነጋዴዎቹ ባቄላና ስንዴ እየጨመሩ፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በግማሽ በርሜል ንፍሮ መቀቀል ጀመርን። ጭልፋው የተሰጠው ለኔ ነው።

ንፍሮ ቶሎ አይበስልም። ሰዉ ጣሳውን ይዞ ከማለዳ ጀምሮ ይሰለፋል፣ እሳቱን እያየ። አንድ ቀን ይመር ደብተሩን ይዞ በርሜሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ሰው ዝም ብሎ ሲሰለፍ ሞቱን ነው የሚያስበው። እስኪበስል ላንብብላቸው» አለኝ። እኔም ስለ ፈረንጅ ማን ሊሰማህ ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ያነበበው በብሪታ አገር ውርጭ ገብስ የበላበትን ዓመት ነበር። የአገሩ ሰው ጫካ ወጥቶ የጥድ ቅርፊት ልጦ፣ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ ከእፍኝ ዱቄት ጋር ጋግሮ እንደበላ፤ ብሪታም ለልጆቿ ያንኑ እየቆረሰች፣ ማታ ማታ መጽሐፏን እንደጻፈች። ከፊት የቆሙት እመት ዘሃራ ነበሩ፤ ከቆላ ከወጡት መካከል በዕድሜ ትልቋ። ጣሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያ ረቢ! ፈረንጅም ይራባል እንዴ?»

«ተርቧል፣ እናቴ።»

«ቅርፊት በላ?»

«በልቷል።»

«ታዲያ እንዲህ ተብሎ ተጻፈ? አልተደበቀም?»

ይመር ወደ ደብተሩ አጎነበሰ። ከዚያ «እሷ ጻፈችው» አላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዉ ከንፍሮው ይልቅ ብሪታን ይጠይቅ ጀመር። ስሟንም ለምላሳቸው እንዲመች አደረጓት፣ «ብሪቱ» ሆነች። «ብሪቱ ምን ሆነች? ልጇ ዳነችላት?» ይባባላሉ። ሹሙ ሰምቶ መጣና የምን ረሃብ ነው የምታወራው ብሎ ይመርን አፋጠጠው። «የስዊድን ነው፣ ጌታዬ። የድሮ» አለው። ሹሙ ጥቂት አሰበና «የስዊድን ከሆነ ይሁን» ብሎ ሄደ። በአፋችን ልንጠራው የተከለከልነውን ነገር ይመር በቀን በብርሃን እያነበበው፣ እኔ ባለቅኔው ጭልፋ ይዤ እቀዳ ነበር። ንፍሮ ስሰጣቸው ዓይናቸው እሱ ላይ ስለሆነ ጣሳቸውን እንኳ ወደ እኔ አያዞሩም። እጃቸውን ይዤ አዙሬ ነው የምቀዳላቸው።

የባሰው የእናቴ ነው። እናቴ በሕይወቷ «ያን ግጥምህን አንብብልኝ» ብላኝ አታውቅም። አንድ ቀን ባቄላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሜዳው ድረስ መጣች። ለእኔ የመጣች መስሎኝ ደስ አለኝ። ባቄላውን በርሜሉ ውስጥ ገልብጣ፣ እኔን ሳታይ አልፋ ይመር እግር ሥር ተቀመጠች። «በል ይመርዬ፣ ትናንት የት ላይ ነው የቆምከው?» አለችው። በርሜሉን ያለ ነገሩ ማማሰል ያዝኩ።

በማግስቱ መዝገበ ቃላት ይዤ የይመርን መጽሐፍ ሳልነግረው ከመምህራን ክፍል ወሰድኩ። ብሪታ ያለችበትን ፈልጌ አገኘሁ። አራት ገጽ ናት። ቃል በቃል አነበብኳት። የቄስ መበለት መሆኗ አለ። መጽሐፏ አለ። ውርጩና የቅርፊቱ ዳቦ አለ። ልጆች እንደነበሯት ግን አይታወቅም ይላል። እንዴት እንደሞተችም አይታወቅም። የጻፈችው ከሞተች ከብዙ ዓመት በኋላ ከአንድ ሰው ሣጥን ውስጥ ተገኘ፣ ማን እንዳኖረው ግን አይታወቅም ይላል። የታመመችው ልጅ፣ የተሸጠችው ላም፣ ባሏ የሚያስነጥስበት አኳኋን ሳይቀር ይመር የፈጠረው ነው። ደስ አለኝ። ቢላ እንዳገኘ ሰው በሆዴ ደብቄ ያዝኩት።

በዚያው ሰሞን እሱው ራሱ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ያን ጽሑፍ ማን ያኖረው ይመስልሃል?»

«ወዳጇ ነዋ፣ ሌላ ማን ይሆናል?» አልኩት።

«ወዳጅ አይመስለኝም» አለ። «ወዳጅ ይፈራል፤ ለራሱም ለሷም ፈርቶ ያቃጥለው ነበር። ያልገባኝ እሱ ነው።» ብዙ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሲያጠፋው አይቼዋለሁ። ያችን ምዕራፍ ሊጽፋት አልቻለም።

ብሪቱ የሞተችበትን ያነበበ ዕለት ደመና ነበር። ብርድ ልብስ እንኳ ሳይኖራት፣ ጎረቤት ሳያውቅ፣ ማንም ሳያለቅስላት ተቀበረች ብሎ ደብተሩን ዘጋ። ንፍሮው ፈልቷል፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እመት ዘሃራ «ማንም ሳያለቅስላት?» አሉ። «ማንም» አለ ይመር። እሳቸውም ጣሳቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ሻሻቸውን ፈተው ወገባቸው ላይ አሰሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ለቀቁት፦

ብሪቱ እህት ዓለሜ፣ የማላውቅሽ እቴ፣
ሦስት ሆነው መጥተዋል፣ የወጡ ከቤቴ።

እዚህ ላይ የክፉ ቀንን ነገር ለማያውቅ መንገር አለብኝ። በዚያ ዓመት የሞተ አልተለቀሰለትም። የሚያለቅስ ጉልበት አልነበረም፣ ከፈንም አልነበረም፣ ሬሳ ሸኝቶ የሚመለስ ጎረቤት አልነበረም። እመት ዘሃራ ሦስት ልጆች መንገድ ላይ አፈር አልብሰው ነው የመጡት፣ እንባ ሳይወጣቸው። ሌሎቹም እንዲሁ። ብሪቱን ብለው ጀመሩ፤ ወዲያው ግን አንዱ የወንድሙን ስም ጠራ፣ አንዷ የባሏን፣ አንዷ ስም ያልወጣላትን ሕፃኗን። ክርስቲያኑ እግዚኦ ይላል፣ እስላሙ ዱዓ ያደርጋል፣ የከተማው ሴት ሁሉ እየሮጠ ይመጣል። እናቴ ደረቷን ትመታለች። ለቅሶ ቤት የማይጠፋው ንፍሮም በርሜል ሙሉ ነበር። ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሲያለቅስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ያስለቀሰው ደግሞ የይመር ደብተር ነው።

ይህንን ሁሉ እያየሁ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ጭልፋውን በርሜሉ ከንፈር ላይ ደበደብኩ። ሰዉ ዞረ። «ስሙ» አልኩ። «ይህ ሁሉ መጽሐፉ ላይ የለም። አንብቤዋለሁ፣ አራት ገጽ ናት። ሴትዮዋ ልጅ እንኳ እንደነበራት አይታወቅም። መምህር ይመር ከራሱ ፈጥሮ ነው የሚያነብላችሁ።»

እመት ዘሃራ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠርገው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«እሺ ልጄ» አሉኝ። «የሷ አልነበሩም እንበል። የኔዎቹ ግን ወላሂ ነበሩ።»

ተመልሰው ለቅሷቸውን ቀጠሉ፤ ሰዉም ተከተላቸው። ይመር ከድንጋዩ ተነስቶ መጣና ጭልፋውን ከእጄ ወስዶ መቅዳት ጀመረ። አላናገረኝም፣ አልገላመጠኝም። በሦስተኛው ቀን መምህራን ክፍል ስንገናኝ ጣቶቹን እየጠረገ «አራት አይደለችም። አራት ገጽ ከሩብ ናት» አለኝ። ስለዚያ ቀን ያወራነው ያ ብቻ ነው። እናቴ ግን ለአንድ ወር አላናገረችኝም።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ። ከተማው በመፈክር ተሞላ፣ እኔም ለአዲሱ ዘመን ግጥም ጻፍኩ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የቤት ለቤት አሰሳ መጣ። ወረቀት ያለው ሁሉ ይፈራ ነበር። አንድ ቀን በረፍት ሰዓት ይመር ክፍሌ ገባ፣ ኮቱ ሥር ሦስት ደብተር ይዞ። ጠረጴዛዬ ላይ አኖራቸው።

«ብሪቱ ናት። አስቀምጥልኝ።»

«ለምን እኔ?»

«ዋጋዋን ታውቃለህ» አለኝና ወጣ። በሳምንቱ ተያዘ። እኔ አልጠቆምኩም፤ ሌላውን ኃጢአቴን ስለምናዘዝ ይህችን እመኑኝ። የፈረንጅ ቄስ ሚስት እያለ ይሰብካል አሉት መሰለኝ። ደሴ ሁለት ዓመት ታሰረ።

ሲፈታ ከድሮው የባሰ ከስቶ፣ ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ቤቴ መጣ። ውሃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ጨርሶ «ብሪቱስ?» አለኝ።

ሣጥኔ ውስጥ ነበረች። እሱ የተቀመጠው በዚያው ሣጥን ላይ ነው። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እያወጣሁ አንብቤያታለሁ፣ በቃሌ ይዣታለሁ። ከታተመች «ባለቅኔው» የሚባል ሰው እንደማይኖር አውቃለሁ። «አቃጠልኳት» አልኩት። «አሰሳ ሲመጣ ፈራሁ።»

የተቀመጠበትን ሣጥን በመዳፉ ዳበስ አደረገ። ከዚያ «ደግ አደረግህ። ነፍስ ይበልጣል» ብሎ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ሊጽፋት ሞክሮ ነበር። በመስኮቱ ሳልፍ ሰሌዳው ባዶ ሆኖ፣ እሱ መጨረሻው ዴስክ ጋ ቆሞ ባዶውን ሲያይ አገኘዋለሁ። ያን ጊዜ ገብቼ ደብተሮቹን እጁ ላይ ባኖር ኖሮ ብዬ ስንት ዘመን ተብሰልስያለሁ። አልገባሁም። ወደ አቀስታ ስዛወርም ሣጥኔን ይዤ ሄድኩ።

እንግዲህ የዚህን ሰው ሕይወት ጻፍ ተባልኩ። ተቀመጥኩ። ወግዲ ተወለደ፣ መካነ ሰላም አስተማረ፣ ታሰረ፣ ተፈታ፣ የሺን አገባ፣ ሁለት ልጆች ወለደ፣ ጡረታ ወጣ፣ ሞተ። ግማሽ ገጽ አልሞላም። በማለዳ ሚኒባስ ስሳፈር ደብተሮቹን በፌስታል ይዣቸው ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያን ሁሉ ሰው ሳይ መጀመሪያ ያው አመሌ ተነሳብኝ። ከዚያ ግማሽ ገጼን አነበብኩ። ከዚያ ምንም ሳልል ሁለተኛውን ደብተር ገልጬ ብሪቱ ልጇን አስተኝታ በስብከቱ ጀርባ ላይ የጻፈችበትን ምዕራፍ አነበብኩ። ሰው አለቀሰ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ብሪቱን አስታወሱ፤ ወጣቶቹ ግን የኔ መሰላቸው። ሰይድ መጥቶ እጄን ጨብጦ «ጋሼ፣ እንዲህ የሚጽፍ ሰው እኛ አገር አለ እንዴ? እርስዎ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቃት የኖርኩት ቃል ናት። ከመቃብሩ እስከ ሐዘንተኛው ቤት ባለው መንገድ ሁሉ «አይ፣ የኔ አይደለም» አላልኩም። ያችን መንገድ አጣጥሜ ሄድኩ።

ቤት ስገባ የሺ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀምጬ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አኖርኩላት።

«ይህ የሱ ነው፣ የሺ። አቃጠልኩት ብዬው ነበር። አላቃጠልኩትም።»

ደብተሮቹን አንድ በአንድ አወጣች። የገረማት አትመስልም።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «እሱም ያውቅ ነበር።»

«ምን?»

«ከእስር ቤት የወጣ ዕለት ነው የነገረኝ፣ ገና ሳንጋባ። ‹ሣጥኑ ላይ አስቀምጦኝ አቃጠልኳት ይለኛል› ብሎ እየሳቀ። ወዳጆቹ ሁሉ የሰጣቸውን ወረቀት አቃጥለዋል መምህር፣ ፈርተው። እሷ ብቻ ናት የተረፈችው። ‹ለሱ የሰጠሁት ስለሚቀና ነው፤ የሚቀና ሰው አያቃጥልም› ይለኝ ነበር። ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› እያለ ይስቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቀኝም?»

«ራሱ ያምጣው አለ። ተጠይቆ ከሰጠኝ ይጠላኛል፣ ራሱ ካመጣው ወዳጄ ነው አለ።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ ‹ዘንድሮ ያመጣታል› ይል ነበር።»

ሰው ሁሉ እያየኝ በዚያ ቤት ወለል ላይ አለቀስኩ፣ የምር።

ልነሳ ስል ሦስተኛውን ደብተር መልሳ ሰጠችኝ። መጨረሻው ላይ አንድ አርእስት ብቻ አለ፣ በሱ ጽሕፈት፦ «ጽሑፉን ማን አኖረው?» ከሥሩ ያሉት ገጾች ባዶ ናቸው። «ይህችን እርስዎ ይጨርሱለት» አለችኝ።

አሁን እሷን እየጻፍኩ ነው። ሰሌዳ ስለሌለኝ በቤቴ በር ላይ በጠመኔ እጽፍና ከደጅ ሆኜ አያለሁ፤ ብዙውን አጠፋለሁ። እስካሁን የተረፈው መጀመሪያው ብቻ ነው። እሱ ቢጽፋት አይቼ አላወቅሁም ብሎ ይጀምር ነበር። እኔ ግን ያኖረውን ሰው አውቀዋለሁ ብዬ ጀምሬያለሁ።